ግንቦት 7

ግንቦት 7 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሜይ 15 ላይ የሚውል ዕለት ነው።

1894፦ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታንያው መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የኢትዮጵያና የሱዳንን የወሰን ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። ወሰኑ የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች ተከተለ። ውሉ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። የጋምቤላ የወንዝ ወደብ በዚሁ ፈቃድ ተከፍቶ፣ ሱዳን በ1948 ነጻ እስክትወጣ በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ።

1920፦ ሚኪ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ፊልም የሙከራ ዕይታ ላይ ለተመልካች ታየ።

1997፦ በኢትዮጵያ ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ተካሄደ። በ2000 የተመሠረተው የተቃዋሚዎች ንቅናቄ «ግንቦት 7» የሚለውን ስም የወሰደው ከዚህ ቀን ነው።

በአኮቦ ድንበር ላይ ለምትገኘው ለዲማ ወረዳ ሰው ከሁሉም የሚመዝነው የ1894ቱ ነው፤ የአኮቦ ድንበር መነሻው ይኸው ውል ነውና።