በበረዶ ወቅት ወደ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከመብረር በፊት የማኮብኮቢያ ሁኔታን ማጣራት

በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ አገሮች ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች በበረዶ፣ በውርጭና በግግር ይሸፈናሉ። ትላልቆቹ ማረፊያዎች ሌሊትና ቀን የሚሠሩ የበረዶ መጥረጊያ ተሽከርካሪዎችና የሠለጠኑ ተቆጣጣሪዎች አሏቸው። አነስተኛዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሠራተኞችና በውሱን መሣሪያ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ሌሊትና በበዓላት ቀን ሠራተኛ የማይገኝባቸውም አሉ። በመሆኑም ወደነዚህ ማረፊያዎች የሚደረግ በረራ ደህንነት በአመዛኙ የሚወሰነው አብራሪው ከመነሳቱ በፊት በሚያሰባስበው መረጃ ነው።

በዚህ ረገድ መሠረታዊው መርህ አንድ ነው። ስለ ማኮብኮቢያው የወጣ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ማኮብኮቢያው ለማረፍ ምቹ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ማስጠንቀቂያው ያልወጣው ችግር ባለመኖሩ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ችግሩን አይቶ የሚያሳውቅ ሰው ባለመኖሩም ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ትኩረት ያገኘበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1958 በጀርመን ሙኒክ 44 ሰዎችን የያዘ የብሪታንያ አውሮፕላን ለሦስተኛ ጊዜ ለመነሳት ሲሞክር ከማኮብኮቢያው አልፎ በመከስከሱ 23 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ መካከል 8ቱ የማንቸስተር ዩናይትድ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። የምዕራብ ጀርመን መርማሪዎች አደጋው የደረሰው በክንፎቹ ላይ በተጋገረ በረዶ ምክንያት ነው በማለት ዋና አብራሪው ጄምስ ቴይንን ተጠያቂ አድርገዋል። ይሁን እንጂ በብሪታንያ የተካሄደው ሌላ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1969 የአደጋው ምክንያት በማኮብኮቢያው ላይ የነበረው በከፊል የቀለጠ በረዶ መሆኑን በማመልከት አብራሪውን ከተጠያቂነት ነጻ አድርጓል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ውኃ የጠገበ በረዶ የአውሮፕላንን ፍጥነት ምን ያህል ሊገታ እንደሚችል ይህ አደጋ በግልጽ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 ደግሞ በአሜሪካ ቺካጎ ሚድዌይ ማረፊያ በረዶ እየዘነበ ያረፈ ቦይንግ 737-700 አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ላይ መቆም ባለመቻሉ አጥሩን ጥሶ ወደ አውራ ጎዳና ወጥቷል። በአደጋውም በመኪና ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ሞቷል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የአደጋው ዋና ምክንያት አብራሪዎቹ የሞተሩን የኋሊት ግፊት በወቅቱ አለመጠቀማቸው መሆኑን ገልጿል። ከማረፍ በፊት በወቅቱ ሁኔታ የሚያስፈልገውን ርቀት ከመጠባበቂያ ጋር ማስላት ግዴታ አለመሆኑንም በአስተዋጽኦነት ጠቅሷል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 አብራሪዎች ባሰሉት የማረፊያ ርቀት ላይ ቢያንስ 15 በመቶ መጠባበቂያ እንዲጨምሩ መክሯል። የማኮብኮቢያ ሁኔታ የሚገለጽበት አዲስ የደረጃ አሰጣጥም በአገሪቱ ከጥቅምት 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ከ6 እስከ 0 ያለው ደረጃ

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ተመሳሳይ የሪፖርት አቀራረብ ከኅዳር 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባል አገሮች ተግባራዊ እንዲሆን አድርጓል። በአሠራሩ መሠረት ማኮብኮቢያው በርዝመቱ በሦስት እኩል ክፍሎች ይከፈልና ለእያንዳንዱ ሲሶ ከ6 እስከ 0 ደረጃ ይሰጠዋል። ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

6 - ደረቅ ማኮብኮቢያ፤
5 - እርጥብ ወይም ውርጭ የያዘ፣ አሊያም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው በረዶ ያለበት፤
4 - የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ በረዶው ተጠቅጥቆ የጠጠረበት፤
3 - ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ በረዶ ያለበት፣ በረዶው የተጠቀጠቀ ሆኖ አየሩ ከተጠቀሰው የሚሞቅ፣ ወይም እርጥብና አንሸራታች መሆኑ የተረጋገጠ፤
2 - ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የቆመ ውኃ ወይም በከፊል የቀለጠ በረዶ ያለበት፤
1 - ግግር የሸፈነው፤
0 - ላዩ ውኃ የያዘ ግግር፣ በግግር ላይ የተከመረ በረዶ፣ ወይም ላዩ ውኃ ያቆረ የተጠቀጠቀ በረዶ ያለበት።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው እጅግ አደገኛው ሁኔታ የከባድ ቅዝቃዜ ቀን አይደለም። የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ግግሩ ላዩ ይቀልጥና ጎማ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ከሰዓት በኋላ የቀለጠ በረዶም ፀሐይ ስትጠልቅ መልሶ ስለሚጋገር፣ ቀን ደህና የነበረ ማኮብኮቢያ ለምሽት በረራ ላይሆን ይችላል።

ሪፖርቱ እንዴት ይነበባል?

ስኖውታም በመባል የሚታወቀው የበረዶ ማስታወቂያ ቢበዛ ለ8 ሰዓት ብቻ ያገለግላል። ስለሆነም አንባቢው አስቀድሞ ማየት ያለበት ሪፖርቱ የተዘጋጀበትን ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ በረዶ መጣሉን ወይም የአየሩ ሙቀት መለወጡን ከአየር ጠባይ መረጃ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

በጽሑፍ የሚወጣው ማስታወቂያ የሦስቱን ሲሶዎች ደረጃ የሚዘረዝረው ዝቅተኛ ቁጥር ካለው የማኮብኮቢያ ጫፍ ጀምሮ ነው። ለምሳሌ 5/3/2 የሚል ሪፖርት የመጨረሻው ሲሶ ይበልጥ አንሸራታች መሆኑን ያመለክታል። ከተቃራኒው ጫፍ የሚያርፍ አብራሪ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ማንበብ አለበት። ቀደም ብለው ያረፉ አብራሪዎች ስለ ፍሬን አያያዝ የሚሰጡት ቃል ጠቃሚ ቢሆንም፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ሰዓቱ ሳይታወቅ ሊታመንበት አይገባም።

የአነስተኛ ማረፊያዎች ልዩ ሁኔታ

በአሜሪካ መደበኛ የሕዝብ በረራ የሚያስተናግዱ ማረፊያዎች የምስክር ወረቀት ይዘው ስለሚሠሩ በረዶ በሚጥልበት አካባቢ የበረዶ ማስወገጃ ዕቅድ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። የምስክር ወረቀት የማያስፈልጋቸው በርካታ አነስተኛ ማረፊያዎች ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም። አንዳንዶቹ በበረዶ ወቅት ጥገና እንደማያደርጉ በማውጫቸው ላይ ያሳውቃሉ። ሌሎች ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ የማኮብኮቢያው ሁኔታ እንደማይታይ የሚገልጽ ማስታወቂያ ያወጣሉ።

ሰው በሌለበት የሚሠራው የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያም ስለ ነፋስ፣ ስለ ሙቀትና ስለ እይታ ርቀት ይናገራል እንጂ በማኮብኮቢያው ላይ ምን እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ለማረፊያው ኃላፊ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። በጥያቄው መካተት የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

- ማኮብኮቢያው መጨረሻ የተጠረገውና በዓይን የታየው መቼ ነው?
- የተጠረገው በሙሉ ስፋቱ ነው ወይስ መካከሉ ብቻ?
- በጠርዙ የተከመረው በረዶ ክንፍ ወይም የሞተር ዘዋሪ ሊነካ የሚችል ከፍታ አለው?
- የጠርዝ መብራቶች ከበረዶ ነጻ ናቸው?
- ከማኮብኮቢያው ወደ ማቆሚያው የሚወስደው መንገድስ ተጠርጓል?
- አውሮፕላኑ በሚደርስበት ሰዓት በማረፊያው የሚገኝ ሠራተኛ አለ?

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው የማረፊያ ርቀት በአውሮፕላኑ መመሪያ መሠረት ተሰልቶ መጠባበቂያው ይጨመርበታል። ለደረቅ ማኮብኮቢያ የተፈቀደ የጎን ነፋስ ለአንሸራታች ማኮብኮቢያ እንደማይሠራም ሊታወስ ይገባል። መልስ የሚሰጥ ሰው ካልተገኘ በረራውን ማዘግየት፣ ወይም የተሟላ ሪፖርት ወደሚያወጣ ሌላ ማረፊያ ማቅናት ተገቢ ይሆናል። ለዚህም ነዳጁ አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 የተደረገውን የቺካጎ ስምምነት ከፈረሙ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የአየር መንገዷ ሠራተኞችም በረዶ ወደሚጥልባቸው ከተሞች ይበርራሉ። በአገር ውስጥ ክረምት ማለት ዝናብ እንጂ በረዶ ባይሆንም፣ ከላይ የተዘረዘረው ደረጃ እርጥብና ውኃ ያቆረ ማኮብኮቢያንም ይመለከታል። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ ያቆረ ማኮብኮቢያ በከፊል የቀለጠ በረዶ ካለበት ጋር እኩል ደረጃ 2 ይሰጠዋል። ጎማ በቆመ ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት የጎማው ግፊት ስኩዌር ሩት በ9 ተባዝቶ በግምት ይሰላል። በዚህም መሠረት ግፊቱ 36 ፒ.ኤስ.አይ. የሆነ የአነስተኛ አውሮፕላን ጎማ በ54 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሊንሳፈፍ ይችላል።

በአጠቃላይ የማረፊያ አስተዳደር ኃላፊነት በረዶን ወይም ውኃን በማስወገድ ብቻ አይወሰንም። ማኮብኮቢያውን በወቅቱ ማየትን፣ የታየውን ከነሰዓቱ መመዝገብንና ማሳወቅን፣ ማየት ካልተቻለም አለመታየቱን በግልጽ መናገርን ይጨምራል። አብራሪው ትክክለኛ ውሳኔ መስጠት የሚችለው ይህ ሲሟላ ነው።