የት አደርክ?

አማርኛ «አደረ» የሚለውን ግሥ ይወዳል። ጧት ስንገናኝ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው፤ «እንዴት አደርክ?» እንላለን። ገበሬው አርሶ አደር፣ ከብት ጠባቂው አርብቶ አደር ነው። ወታደር የምንለውም «ወጥቶ አደር» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። በድሮው ዘመን በአንድ መኳንንት ቤት የሚያገለግል ሰው «ለእገሌ አደረ» ይባልለት ነበር። ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ሌሊቱን የት፣ እንዴትና በማን ጥላ ሥር እንዳሳለፈ በመጠየቅ ነበር ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ አዳሪዎች መካከል አንዱ ግን ከሕግ ጋር ተጣልቷል። እሱም በረንዳ አዳሪው ነው። ይህ ሰው እንዴት ከእንግድነት ወደ ተጠርጣሪነት እንደተሸጋገረ ታሪኩን ልከተል ፈልጌአለሁ።

አያቴ የከላላ ሰው ናቸው። ከላላ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦና ከጃማ የሚዋሰን ወረዳ ነው። አያቴ እንደሚያወሩት በልጅነታቸው ዘመን መሽቶበት የመጣ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የቤቱ ባለቤት «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ይመልሳል። ጎረቤቱ እስላም ከሆነም «የአላህ እንግዳ» ብሎ ያስገባል፤ መልሱ በሁለቱም ሃይማኖት ያው ነው። ውሾቹ ይከለከላሉ፤ እግር ይታጠባል፤ ያለው ይቀርባል፤ መደብ ላይ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፋል። ስምና አገር የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። መጀመሪያ ማደሪያው፣ ቀጥሎ ማንነቱ።

ነገሩን ከሚገባው በላይ ማሳመር አልፈልግም። ቡዳ ነው ተብሎ የሚፈራ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ በዚያ ደጅ እንደማንኛውም ሰው አይስተናገድም ነበር። ጭሰኛው ያደረበትን ቤት የሠራበት መሬትም የእሱ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም አንድ ነገር እውነት ነው፤ ቤት ራሱ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። ልጅ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» ይባላል፤ ጎጆው የሚወጣው በደቦ ነው። ድንጋዩና እንጨቱ ከአካባቢው ይመጣል፤ ክዳኑ ሣር ነው፤ የሠራተኛው ደመወዝ እንጀራና ቡና ነው። ጉልበት ያለው ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፤ ምክንያቱም ነገ የእሱም ልጅ ጎጆ ይወጣል። በዚያ አገር ድሃ ነበረ፤ የተራበ ነበረ፤ ደጅ የሚያድር ሰው ግን እንደ አንድ መደብ ተቆጥሮ ስም የወጣለት አይመስለኝም። «በረንዳ አዳሪ» የሚለው ስም በረንዳ ያለበት ቦታ ይፈልጋላ!

ይህ መሽቶበት የመጣ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የጠበቀው መልስ ሌላ ነው። በ1965 ዓ.ም. በምሥራቅና በሰሜን ወሎ ረሃቡ ሲጠና ገበሬዎች አቤት ለማለት በእግራቸው ወደ ዋና ከተማው ተነሡ፤ ፖሊስም ከከተማው ሳይገቡ መለሳቸው። አገሩ በረሃቡ መጠን ላይ ዝም በተባለበት ጊዜ፣ ረሃቡ በእግሩ መጥቶ እንዳይታይ መንገዱ ተዘጋ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጉም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሥራት እየቻለ ሳይሠራ በቦዘኔነት የሚኖርን ሰው በእስራት ወይም በግዴታ ሥራ የሚያስቀጣ አንቀጽ ነበረው። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች በ1824 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቦዘኔ ሕግ ሜዳ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ ወይም ባዶ ቤት የሚያድርንና መተዳደሪያውን በአጥጋቢ ሁኔታ ማስረዳት የማይችልን ሰው ይቀጡ ነበር። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ከሞላው ድሃ መካከል ከናፖሊዮን ጦርነት የተመለሰው ወታደር ብዙ ነበር። ወጥቶ አደሩ ወጥቶ በማደሩ ተቀጣ ማለት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 በአዲስ አበባ የቤት ታሪክ ውስጥ እንደ ክፍለ ዘመን መለያ ሊቆጠር ይገባዋል። ከዚያ በፊት የከተማው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ኪራዩንም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ለነበረው ተከራይ ይህ እንደ ተአምር ነበር። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው፣ ያስተማረውና የዳረው በዚያ አዋጅ ጥላ ሥር ነው። አዋጁን ለመንቀፍ የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ነገር ግን በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ያልነበረውስ? አዋጁ ያለውን ቤት አከፋፈለ እንጂ አዲስ ቤት አልወለደም። ለማከራየት ብሎ ቤት መሥራት ተከለከለ፤ መንግሥትም በሕዝቡ ቁጥር ልክ አልሠራም። ከዚያ በኋላ ከከላላ፣ ከጎጃም ወይም ከጉራጌ የመጣ ሰው ከቀበሌ ቤት ጓዳ ውስጥ ደባል ሆኖ ይገባል፤ አለዚያ ከጓሮ ላስቲክ ይወጥራል። ቀበሌውም ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ የቤት ቁጥር። የቤት ቁጥር የሌለው መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ቋሚ ሥራ አያገኝም፤ ሥራ የሌለው ቤት አይከራይም። ይህን የመሰለ ክብ ያበጀው ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ደንብ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን በር የሌለው አጥር ሆኑ። አያቴ ያወሩልኝ ቅደም ተከተልም ተገለበጠ። መጀመሪያ ማንነት፣ ቀጥሎ ማደሪያ።

በ1977 ዓ.ም. መባቻ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር ከተማው ቀለም ተቀብቶ፣ ቅስት ተተክሎለት ነበር፤ ከሰሜን ረሃብ የሚሸሸው ሕዝብ ግን ወደ ከተማው እንዳይዘልቅ ኬላ ላይ ይመለስ ነበር። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ታየ። ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች። እንግዲህ በ1965ም በ1977ም የታየው አንድ ልማድ ነው፤ መንግሥት እንግዳ ሲጠብቅ የገዛ እንግዳውን ያባርራል።

ከዚያ ሠፈራው መጣ። በ1977 እና በ1978 ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ተጓዘ። ከሁሉ የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። ፈቅዶ የሄደ አለ፤ ገበያ መሐል ተከቦ የሄደም አለ። ብዙዎች በወባና በበሽታ አለቁ። የተረፉት ግን ቤት ሠሩ፣ በቆሎና ማሽላ ዘሩ፣ ልጆች ወለዱ። እነዚያ ልጆች ወለጋን አገራችን ሲሉ አደጉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ የተገደሉት ብዙዎቹ የእነዚህ ሠፋሪዎችና የልጆቻቸው ወገን ነበሩ። ከዚያ በፊትም በኋላም ከወለጋ ሸሽተው ወደ ወሎ የተመለሱ ሰዎች ሐይቅ አጠገብ ባለው የጃሪ መጠለያ አድረዋል። ወላጆቻቸው ከወሎ በመንግሥት መኪና ሲወጡ ቤት ይሰጣችኋል ተብለው ነበር፤ ልጆቻቸው ወደ ወሎ ሲመለሱ ያገኙት ሸራ ነው። ከመጠለያ መጠለያ መንከራተት የሰለቸው ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል።

ከግንቦት 1983 በኋላ የተበተነውን ጦር ሳላነሳ ማለፍ አይገባኝም። በመቶ ሺሖች የሚቆጠር ወታደር መለዮውን አውልቆ ቀረ። በየአስፋልቱ ዳር በክራንች የቆሙትን የዚያ ዘመን ሰው አይረሳቸውም። እንደ እንግሊዙ ወታደር ሁሉ እነሱም ወጥተው አደሩ።

ከሕጎቻችን ሁሉ ግልጹ የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384። እውነቱን ለመናገር አዋጁ «ደጅ ማደር ወንጀል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የለውም። የሚናገረው መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ ስለሌለውና የተዘረዘሩ ድርጊቶችን ሲፈጽም ስለሚገኝ ሰው ነው። በዚህ የተጠረጠረ ሰው ዋስትና አይፈቀድለትም። ነፍሰ ገዳይና ቀማኛ ለመያዝ ታስቦ ነው ሊባል ይችላል። ይሁንና በሌሊት ባትሪ ይዞ የሚዞር ዘበኛ «መተዳደሪያህ ምንድን ነው?» ብሎ በቀላሉ የሚጠይቀው ማንን ነው? የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ደረሰኝ የለውም። ትናንት አሸዋ ሲያመላልስ እንደዋለ የሚመሰክርለት ጀርባው ብቻ ነው።

ቃላቱም አብረው ተለወጡ። «በረንዳ አዳሪ» ጨዋነት ጎደለው ተብሎ «የጎዳና ተዳዳሪ» ተባለ። ለእኔ አዲሱ ስም ከአሮጌው ይልቅ ያስቀይመኛል። አሮጌው ሰውየው የት እንዳደረ ይናገራል፤ አዲሱ ጎዳናውን መተዳደሪያ አድርጎ የመረጠ ያስመስለዋል።

ቤቱስ ምን ሆነ? በ1986 የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ1994 እና በ2004 ተተካ፤ መሬት በጨረታ የሚሸጥ ነገር ሆነ። በ2007 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺሕ ብር በላይ ቀርቦበታል። አንድ ሰው ተጠቅልሎ ሲተኛ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ሲጀመር በ1997 ከ450 ሺሕ ያላነሰ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 እንደገና ሲመዘገብ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ተመዝጋቢውም መታወቂያ ያለው፣ በየወሩ የሚቆጥበው ገንዘብ ያለው ነው። በረንዳ አዳሪው ወረፋው ውስጥም የለም።

በሌላ በኩል በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች ትልቁ የመሬት ሽግሽግ ከተደረገ ከ1989 ወዲህ አንድ ሙሉ ትውልድ አድጓል። የከላላ ጎረምሳ ጎጆ ለመውጣት ደቦው አለለት፤ ጎጆው የሚቆምበት መሬት ግን ከአባቱ ማሳ ላይ ተቆርሶ ካልሆነ የለም። እናም በደጎሎና በዓለም ከተማ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን መልክ ለውጦታል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ያምራል፤ ይህን የማይወድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፒያሳ ስትፈርስ ስሙ በመዝገብ ያለ ነዋሪ ምትክ ቤት ይጠይቃል። በረንዳው ከቤቱ ጋር ሲፈርስ ግን ምትክ በረንዳ የሚጠይቅበት መስኮት የለም። በ2017 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በሚባለው ማቆያ ከጎዳና ላይ በግዳጅ ተይዘው የቆዩ ሰዎችን ሁኔታ መርምሮ ድርጊቱ እንዲቆም ጠይቋል። እኛ ብቻ ነን እንዳይባል፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግራንትስ ፓስ የተባለች ትንሽ የኦሪገን ከተማ በሕዝብ ቦታ ብርድ ልብስ ዘርግተው የሚያድሩ ሰዎችን መቅጣት ትችላለች ሲል በስድስት ድምፅ ለሦስት ወስኗል። ሀብታሙም አገር መልሱን ያገኘ አይመስልም።

በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ አንድ በጎ ነገር ተሠርቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም እንዳሻው እንዳይሆን ደንግጓል። ከአከራይ ፊት ስንሳቀቅ ለኖርን ተከራዮች ቀላል አይደለም። ነገር ግን ውል የሚፈርም ተከራይ ቤት ያገኘ ተከራይ ነው። መርካቶ አካባቢ በቆጥ ላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ለማደር በየምሽቱ የሚከፍል ጎልማሳ አለ። ሒሳቡ የአንድ ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ጥቅልሉን ይዞ ይወጣል። ሥራ ባልተገኘበት ቀን ማታ ደግሞ ያችን ሒሳብ አጥቶ ከቆጡ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ትናንት ተከራይ የነበረው ሰው ዛሬ በዘበኛው ባትሪ የሚፈለገው እሱ ነው።