የላክቶስ አለመስማማት በሙዱላና በአካባቢው

የላክቶስ አለመስማማት የሚባለው፣ በወተት ውስጥ የሚገኘውን ላክቶስ የተባለ ስኳር ትንሹ አንጀት ሰባብሮ ወደ ደም ማሳለፍ ሲሳነው፣ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የወረደው ስኳር የሚያስከትለው የሆድ መነፋት፣ ማጉረምረም፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ችግሩ የበሽታ ስም የለውም፤ «ወተት አይስማማኝም» ወይም «ወተት ሆዴን ይነፋኛል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር ከሕክምናው ትርጓሜ ብዙም አይርቅም፤ ምክንያቱም ሁኔታው በአብዛኛው ሰው ላይ ሕመም ሳይሆን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የተፈጥሮ ለውጥ ነው። ጉዳዩ በሙዱላ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉት የሐዲያ፣ የከምባታና የጠምባሮ ቀበሌዎች የተለየ ትኩረት የሚያሻው፣ በዚያ ምድር ወተት ከማዕዱ ዳር የተቀመጠ ተጨማሪ መጠጥ ሳይሆን የእንሰት ምግብ ዋነኛ ደጋፊ ስለሆነ ነው።

ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ቀድሞ በከምባታ ጠምባሮ ዞን ሥር ሲተዳደር ቆይቶ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የዚያ ክልል አካል ሆኗል። በዚህ ሁሉ አገር የገበሬው ቤት የቆመው በእንሰትና በከብት ነው፤ እንሰቱ በጓሮ የሚለመልመው የከብቱ ፍግ በየጊዜው ስለሚጨመርለት ሲሆን፣ ከብቱም በፈንታው የእንሰት ቅጠል ይመገባል። ከእንሰቱ የሚገኙት ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ ቢሆኑም ፕሮቲናቸው እጅግ አነስተኛ ነውና፣ ጉድለቱን የሚሞላው አንድም ጥራጥሬ፣ አንድም ከላሟ የሚገኘው ወተት፣ እርጎና አይብ ነው። በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ በሚባለው የመስከረም በዓል ቅቤና የወተት ተዋጽኦ በብዛት ይቀርባል፤ ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ የሚበላው የሐዲያ አተካና የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ መጻሕፍት «ወተት ይቅርብዎ» ተብሎ የሚሰጠው ምክር እንዳለ ወደዚህ ቢመጣ፣ ከቆጮ ጋር የሚበላውን ፕሮቲን አብሮ ሊያስቀር ይችላል።

ላክቶስ ግሉኮስና ጋላክቶስ የተባሉ ሁለት ቀላል ስኳሮች ተጣምረው የሚሠሩት ሲሆን፣ ጥምረቱን የሚፈታው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚመነጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም፣ ማለትም ምግብን የሚያደቅ ፕሮቲን ነው። ሕፃን ሁሉ፣ ከጥቂት እጅግ ብርቅ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ይህን ኢንዛይም በበቂ መጠን ይዞ ይወለዳል። ጡት ከጣለ በኋላ ግን በአብዛኛው የሰው ዘር ላይ ምርቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከዓለም አዋቂዎች 2/3ኛ ገደማ የሚሆኑት ላክቶስን ሙሉ በሙሉ መፍጨት አይችሉም ተብሎ ይገመታል። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚህም የሚወጣው ጋዝ ሆድን ሲነፋ፣ ስኳሩ ወደ አንጀት የሚስበው ውሃ ደግሞ ተቅማጥ ያስከትላል። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ወተቱ ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ሁኔታው ከወተት አለርጂ ጋር መምታታት የለበትም፤ አለርጂ የሰውነት መከላከያ በወተት ፕሮቲን ላይ የሚነሳበት፣ የቆዳ ሽፍታና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ የሚችልና በጥቂት ጠብታ ወተት እንኳ የሚቀሰቀስ ሌላ ችግር ነው።

በአዋቂነትም ላክቴዝ ማመንጨታቸውን የማያቋርጡ ሰዎች መኖራቸው ለሳይንስ ረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል፤ ከፊሉ መልስ የተገኘውም በኢትዮጵያና በጎረቤቶቿ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን ላይ ላክቴዝን ሳይዘጋ የሚያቆየውን የዘረመል ለውጥ ሲለዩ፣ ያው ለውጥ በአፍሪካ አርቢዎች ዘንድ እምብዛም አለመገኘቱ ግራ አጋባ። በ2007 እ.ኤ.አ. የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ባካሄደው ጥናት፣ አፍሪካውያን ይህን ችሎታ ከአውሮፓውያን ተለይተው በራሳቸው ለውጦች እንዳገኙት ታወቀ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራዮኒ ጆንስና ዳላስ ስዋሎው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ አንድ ሳይሆን በርካታ የተለያዩ የዘረመል ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳይተዋል። ከብት ማርባትና ወተት መጠጣት በዚህ ምድር ረጅም ዕድሜ እንዳለው ከዚህ የጠራ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። ለተራው አንባቢ ግን የጥናቱ ትርጉም ሌላ ነው፤ በአንድ መንደር፣ በአንድ ቤትም ውስጥ ቢሆን፣ አንዱ አንድ ጣሳ ወተት ጠጥቶ ደህና ሲያድር ሌላው በግማሽ ብርጭቆ ሊታመም የሚችለው በውርስ ልዩነት እንጂ በሆድ ደካማነት ወይም በቅምጥልነት አይደለም።

ውርስ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። በኢትዮጵያ ሶማሌ ግመል አርቢዎች ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኢንዛይሙ የሌላቸው ብዙ ሰዎች በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት እንደሚጠጡ ተገንዝቧል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ከልምድ ጋር መላመዳቸው ሊያስረዳው እንደሚችል ገልጸዋል። በሌላ በኩል ኢንዛይሙ የነበረው ሰው ለጊዜው ሊያጣው ይችላል። ጃርዲያ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ፣ ብርቱ ተቅማጥ ወይም ከፍተኛ የምግብ እጥረት የአንጀቱን ሽፋን ሲጎዳ ላክቴዝም አብሮ ይቀንሳል፤ አንጀቱ ሲያገግም ግን ይመለሳል። ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 1.3 ግራም ያህል ላክቶስ ብቻ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሕፃኑ ሲበረታ የሚከተለው ኤፍ 100 ከ4 ግራም በላይ ይይዛል።

ከወተት እስከ ቅቤ

በሐዲያ፣ በከምባታና በጠምባሮ ቤቶች ወተት እንደታለበ መጠጣት ከአገልግሎቶቹ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ወደ ዕቃው ገብቶ የሚያልፍበት የእናቶች ሙያ፣ ማንም ላክቶስ የሚለውን ቃል ሳይሰማ፣ ላክቶስን ደረጃ በደረጃ የሚያስወግድ ሥርዓት ነው። ቅሉ ወይም ማሰሮው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱም ሌላ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት ይገታል። ወተቱ በላይ በላይ እየተጨመረ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ፣ በራሱ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ ላክቲክ አሲድ ለውጠው ያረጉታል፤ የእርጎ መጎምዘዝ ምንጩ ይኸው የተለወጠው ስኳር ነው። በእርጎ ውስጥ ከቀረው ላክቶስም ገሚሱን በሕይወት ያሉት ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ እንኳ መሰባበራቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ወተት የማይስማማው ሰው እርጎ ሊስማማው ይችላል። እርጎው ከተፈላ ግን ይህ እርዳታ ይጠፋል። ትኩስ ወተትን ማፍላት በበኩሉ እንደ ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ካሉ በሽታዎች ለመጠበቅ ግዴታ ቢሆንም፣ ላክቶሱን በምንም አይቀንስም፤ «ከፈላ ይስማማል» የሚለው ግምት ስሕተት ነው።

እርጎው ሲናጥ ማሰሮው ተጋድሞ ወደፊትና ወደኋላ ይወዘወዛል፤ መጀመሪያ ልል የነበረው የወተት ድምፅ ተለውጦ ከብዶ ሲሰማ፣ ቅቤው እየተያያዘ መሆኑን ልምድ ያላት ሴት ሳትከፍት ታውቃለች። ቅቤው ተለቅሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ላክቶስ በውሃ እንጂ በስብ ስለማይሟሟ ከቅቤው ጋር የሚወጣው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ቅቤው ተነጥሮ ውሃውና አሰሩ ሲወገድ ደግሞ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይቀንሳል። ስለዚህ ላክቶስ የማይስማማው ሰው በንጥር ቅቤ የተሠራ ገንፎ፣ ክትፎ ወይም በአካባቢው እንደተለመደው ቅቤ ጣል የተደረገበት ቡና የሚተውበት ምክንያት የለም።

ቅቤው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አሬራ ነው፤ በውስጡ ላክቶስ አሁንም ስላለ መጠኑን እየመጠኑ መጠጣት ያስፈልጋል። አሬራው በለስላሳ እሳት፣ ሳይፈላና ሳይማሰል ሲሞቅ፣ ነጩ አይብ ከላይ ይሰበሰባል፤ ቀዝቅዞ ሲጠለልም አረንጓዴ ቢጫ የሚመስለው አጓት ይለያል። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ባወጣው መረጃ መሠረት፣ አይብ 79 በመቶ ገደማ ውሃ፣ 14.7 በመቶ ፕሮቲንና 1.8 በመቶ ስብ ሲሆን፣ በውሃ የሚሟሟው የወተት ክፍል፣ ላክቶሱም ያለበት፣ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ከጎመንና ከቆጮ ጋር የሚቀርብ አንድ ሁለት ማንኪያ አይብ ለአብዛኛው ሰው ችግር የማይፈጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ አሲድ ያረጋው አይብ ከካልሲየሙም ብዙውን ለአጓቱ ስለሚለቅ፣ በፕሮቲን ቢያጠግብም በካልሲየም ወተትን አይተካም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት፣ ላክቶስ የማይስማማው ሰው በዚህ አካባቢ መተው ያለበት ወተትን በሙሉ ሳይሆን፣ በሥርዓቱ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለውን፣ በባዶ ሆድና በብዛት የሚጠጣውን ትኩስ ወተት መሆኑ ነው። 250 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ ይይዛል፤ ኢንዛይሙ ያነሳቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይህን መጠን ከምግብ ጋር ሲወስዱ ምልክቱ አይታይባቸውም ወይም ቀላል ይሆናል። በሆሳዕና ካፌ የሚቀርብ ማኪያቶ ከዚህ እጅግ ያነሰ ወተት ስላለው፣ ብዙዎች ወተት ሳይስማማቸው ማኪያቶ ይስማማቸዋል። የፍየልና የግመል ወተት ግን ላክቶሳቸው ከላም ወተት ብዙ ስለማይለይ መፍትሔ አይሆኑም።

ወተት የሌለበት ማዕድ

ለአንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ጥቂት እርጎ እንኳ ያስቸግረዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው የኢትዮጵያ ምግብ ከብዙ አገር ምግብ የተሻለ መጠጊያ አለው፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ጾም በዓመት ከግማሽ በሚበልጡት ቀናት የእንስሳት ተዋጽኦን ስለሚከለክል፣ ከወተት ነፃ የሆነ ሙሉ የምግብ ሥርዓት ለዘመናት ተገንብቷል። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ሲጠለል የሚወጣው ነጭ መጠጥ ወተት ይመስላል፤ የተልባ ውሃና የሰሊጥ መጠጥም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በአዲስ አበባ ካፌዎች «የጾም ማኪያቶ» ተብሎ የሚቀርበው በአኩሪ አተር ወተት የተሠራ ሲሆን፣ «የጾም» የሚለው ቃል ላክቶስ ለማይስማማው ሰው ከማንኛውም የእንግሊዝኛ ማሸጊያ ጽሑፍ ይልቅ ግልጽ ምልክት ነው። በሐዲያና በከምባታ ግን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት፣ ከፊሉም ሙስሊም ስለሆነ፣ የጾም ምግብ እንደ ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ አይዘወተርም፤ ስለዚህ ይህን ዕውቀት ከጾም ሥርዓትነቱ ባሻገር እንደ ምግብ ሙያ መማር ይጠቅማል።

ከእነዚህ ሁሉ በፕሮቲን ከወተት ጋር የሚቀራረበው የአኩሪ አተር ወተት ነው። በቤት ሲሠራ አተሩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ገለባው ታሽቶ ይወጣል፣ ከውሃ ጋር ይፈጫል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፣ ከዚያም እያማሰሉ በደንብ ይፈላል። ማፍላቱ መዘለል የሌለበት፣ ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ነው። የአጃ መጠጥ ጥሩ ጣዕም ቢኖረውም ፕሮቲኑ ያነሰ ነው። በሙዱላና በሆሳዕና ገበያዎች በቀላሉ የሚገኙት ቦለቄ፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በወጥም ሆነ በንፍሮ ከቆጮ ጋር ሲበሉ የፕሮቲኑን ክፍተት ይሸፍናሉ። ካልሲየምን በሚመለከት፣ የአበሻ ጎመን ካልሲየሙ በሰውነት በደንብ የሚወሰድ ሲሆን፣ ቆስጣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው የጎመንን ያህል አይጠቅምም። 100 ግራም ያልተፈተገ ሰሊጥ ከ900 ሚሊ ግራም በላይ፣ ያንኑ ያህል ወተት ደግሞ 120 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አላቸው፤ ሆኖም የሰሊጡ ካልሲየም እንደ ወተቱ በቀላሉ አይወሰድም፣ ሰሊጥም በወተት መጠን የሚበላ አይደለም።

ላክቶሱ በፋብሪካ አስቀድሞ የተሰባበረለት ወተትና የላክቴዝ ክኒን በሌላው ዓለም የተለመዱ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ወተት የሚጣፍጠው ስኳር ተጨምሮበት ሳይሆን ግሉኮስና ጋላክቶስ ተለያይተው ሲቀመሱ ከላክቶስ ስለሚጣፍጡ ነው። በፋብሪካ ብስኩት፣ ቸኮሌትና አንዳንድ ዳቦ ውስጥ የወተት ዱቄት ይገባል። በመድኃኒት ክኒን ውስጥም ላክቶስ እንደ መሙያ ይጨመራል፤ ነገር ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም በታች ስለሆነ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ችግሩን ለማረጋገጥ በትልልቅ ሕክምና ማዕከላት የሚሠራው ምርመራ፣ የተመጠነ ላክቶስ ከተጠጣ በኋላ በትንፋሽ የሚወጣውን የሃይድሮጅን ጋዝ መለካት ነው። ይህ በማይገኝበት ቦታ፣ ትኩስ ወተትን ለሁለት ሳምንት ትቶ ለውጡን ማየትና መልሶ መሞከር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይበጃል፤ አሜባና ጃርዲያ በሚበዙበት አገር ወተት የሚወቀስበት የሆድ ሕመም ሁሉ የወተት አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ ደም ያለበት ሰገራ ወይም ትኩሳት ካለም ምክንያቱ ሌላ ነውና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ሕፃናትን በተመለከተ ጥንቃቄው የተለየ ነው። የእናት ጡት ወተት 7 በመቶ ገደማ ላክቶስ ቢኖረውም፣ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከጡት መነጠል አይገባም፤ እናቲቱ ራሷ ወተት ብታቆምም በጡቷ ያለው ላክቶስ በሰውነቷ የሚመረት ስለሆነ አይቀንስም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ የሱፍ ውሃም፣ የአጃ መጠጥም፣ በቤት የተሠራ የአኩሪ አተር ወተትም የጡት ምትክ ሊሆኑ አይችሉም።