ማን ይገባዋል? ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የቀየሩት ደንብ



ረመዷን ሲቃረብ በየሰፈራችን ወጣቶች ተሰባስበን የዘካና የሶደቃ ስም ዝርዝር እናዘጋጃለን። ሁሌም የሚያከራክረን አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ይግባ፣ ማንስ ይቅር? በዚህ ጥያቄ ሶሓቦችም አልፈውበታል።

ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን 8 ወገኖች ለይቷል። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው የቀቢሷ (ረ.ዐ) ሐዲስ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መለመን የሚፈቀደው ለ3 ሰዎች መሆኑን አስተምረዋል። አንዱ ሰዎችን ለማስታረቅ ዕዳ የተሸከመ ነው። ሁለተኛው ድንገተኛ አደጋ ንብረቱን ያጠፋበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ድህነት የደረሰበትና ይህንንም ከወገኖቹ 3 አስተዋይ ሰዎች የመሰከሩለት ነው። ለሦስቱም ፈቃዱ የሚቆየው ችግራቸው እስኪቃለል ድረስ ነው። ስለዚህ ማጣራትና መስፈርት ማውጣት ከዲናችን ውጭ አይደለም።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በነበሩ ጊዜ፣ በ20ኛው የሂጅራ ዓመት ገደማ፣ ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቋሙ። ከዘካ ውጭ ያለው የመንግሥት ገቢ በዚህ መዝገብ መሠረት በየዓመቱ ለሕዝቡ ይከፋፈል ነበር። የበድር ዘማቾች ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዲርሃም ተመደበላቸው። ለሕፃናት ግን መስፈርት ተቀመጠ፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን ድርሻ አልነበረውም።

ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት፣ አንድ ሌሊት ሰይዲና ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው መዲና ደርሰው ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። እየተመላለሱ እናቱን ልጅሽን አባብይው አሏት። በመጨረሻ ለምን እንደሚያለቅስ ሲጠይቋት፣ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ምክንያቷም ዑመር የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው። የምታናግረው ማን እንደሆነ አላወቀችም ነበር።

ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ሰዉ ቂርኣታቸውን መለየት አቃተው። ከሶላት በኋላ ልጆችን ያለ ጊዜው ጡት እንዳያስጥሉ፣ ከእንግዲህ ድርሻው ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እንደሚሰጥ አሳወጁ። ይህንኑም ለየግዛቱ ጻፉ። ለአንድ ጨቅላ የተመደበው 100 ዲርሃም ነበር።

አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ሌላ ታሪክ ጽፈዋል። ሰይዲና ዑመር አንድ ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አገኙ። ለልመና ያበቃው ጂዝያው፣ ችግሩና እርጅናው ነበር። ወደ ቤታቸው ወስደው ያላቸውን ሰጡት፤ ከእርሱና ከመሰሎቹም ላይ ጂዝያ አነሱ። የተውባው አንቀጽ የሚላቸው ሚስኪኖች ውስጥም ቆጠሩት።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛም ዝርዝር ስናዘጋጅ ከዚህ የምንማረው አለ። መስፈርቱ በወረቀት ላይ ፍትሐዊ መስሎ በቤት ውስጥ ሕፃን ሊያስለቅስ ይችላል። መታወቂያ ካልያዙ አንመዘግብም ስንል፣ ትናንት ተከራይታ የገባችው እናት ምን ታደርጋለች? የሰፈር ነባር ብቻ ስንል፣ ማንም የማይመሰክርለት እንግዳስ? ከማደላችን በፊት ዝርዝሩ ላይ የሌሉትን ቤቶችም እናንኳኳ። ደንቡ ከጎዳቸው ኸሊፋው በአንድ ማለዳ እንደቀየሩት እኛም እንቀይረው።

አላህ አማናችንን በአግባቡ የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።