ጥላሸትና የላንቃ ቁራጭ

ለትዳር የደረሰች ልጅ ነቃሿ ፊት አፏን ከፍታ ትቀመጥ ነበር። ነቃሿ ድዷን በመርፌ እስኪደማ ወግታ ጥላሸት ታሽበታለች። ድዱ ያብጣል፣ ለቀናት እህል ማላመጥ ይቸግራል፤ ቀለሙ ካልደመቀ ደግሞ መርፌው ይደገማል። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ እናቶች በዚህ አልፈዋል። ያ ሁሉ ስቃይ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ነው። ድዱ በጠቆረ ቁጥር ጥርሱ ወተት ይመስላል። ድድ ያጠነክራል፣ መድማትም ያቆማል ስለሚባል ንቅሳቱ ጌጥም መድኃኒትም ነበር። ቤተ እስራኤላውያን በተጓጓዙባቸው በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ከገቡት ሴቶች መካከልም ይህን ድድ ይዘው የሄዱ ነበሩ።

ድድን ለመልክም ለጤናም መነካካት የኛ ብቻ አይደለም። በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኖረው የአንዳሉሲያው ሐኪም አል-ዛህራዊ፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ቆሻሻ መልክ ከማበላሸቱም በላይ ድድን እየጎዳ ጥርሱን እንደሚያራቁት ጽፏል። ለመፋቂያ የሚሆኑ መሣሪያዎችንም በሥዕል አስቀምጧል።

የሸሸ ድድን መመለስ ግን ብዙ ዘመን ጠበቀ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ግሩፕና ዋረን የተባሉ ሐኪሞች ከተራቆተው ጥርስ ጎን ያለውን ድድ ሳይነጥሉ ወደ ጎን ስበው ማልበስን አስተዋወቁ። ዘዴው ከጎረቤት መበደር ነው፤ ጎረቤቱ ራሱ የሳሳ ከሆነ አበዳሪ የለም። በ1960ዎቹ ሐኪሞች ወደ ላንቃ ዞሩ። ከዚያ የተቆረጠው ስስ ቁራጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከሥሩ ካለው ሥጋ በሚሰርገው ፈሳሽ ይቆያል። ጸንቶ ሲያዝም ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ስለሚነጣ በልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ይታያል። ለመልኩ የመጣ ታካሚ በዚህ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም!

ለውጡ በ1985 መጣ። ላንገር የሚል ስም ያላቸው ሁለት ሐኪሞች የላንቃውን ገጽ ትተው ከሥሩ ያለውን ሥጋ ወሰዱና በድዱ ሥር አስገቡት። ቁራጩ ከላይም ከታችም ደም ያገኛል፤ ቀለሙም ከአካባቢው ጋር ይስማማል። በዚያው ዓመት ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የድድ መሸሽን በአራት ደረጃ ከፈለ። በጥርሶች መካከል ያለው አጥንትና ድድ ካለቀ የተራቆተውን የጥርስ ሥር ሙሉ በሙሉ መሸፈን እንደማይጠበቅ አስታወቀ። ይህ ለታካሚ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባ ነገር ነው።

ዛሬ ደግሞ ድዱን ማቅላት የሚሻ አለ። ሐኪሙ ተፈጥሯዊውን ጥቁረት በምላጭ ወይም በሌዘር ይገፍፋል፤ ቀለሙ ግን ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል። የነቃሿ ጥላሸት ከላይኛው ሽፋን በታች ስለተቀበረ ላዩን ብቻ መግፈፍ አይበቃውም። አንዳንዴ እሱን አውጥቶ ቦታውን ለመሸፈን ያው የላንቃ ቁራጭ ያስፈልጋል።