የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገንዘብ አቅርቦት በኢትዮጵያ

የጋራ መኖሪያ ቤት (በተለምዶ ኮንዶሚኒየም) በኢትዮጵያ ከተሞች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች በመንግሥት አስተባባሪነት ተሠርቶ በዕጣ የሚተላለፍ ፎቅ ቤት ነው። ሥራው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂ.ቲ.ዜድ.) ድጋፍ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ። ኋላ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተባለ። ሕዝቡ በይበልጥ የሚያስታውሰው ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ቢሆንም፣ የቤቱን ዋጋ ዝቅ የሚያደርገው ከዕጣው በፊት ያለው የገንዘብና የመሬት አሠራር ነው።

መነሻ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ለጥገና አልበቃም፤ ቤቶቹ አረጁ። ለማከራየት የሚሠራ ባለሀብትም ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ለቤት ሥራ ያበድር የነበረው የቤትና ቁጠባ ባንክ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ።

አሠራሩ

ከተማ አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፤ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፤ በገንዘቡ ቤቱ ይሠራል። ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ ለቀረው ከባንኩ ጋር የረጅም ጊዜ ብድር ይዋዋላል። በዚህም የአስተዳደሩ ዕዳ ወደ ቤት ባለቤቶች ይዞራል። 20/80 የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው፦ 20 በመቶው የገዢው፣ 80 በመቶው የባንኩ ነው። 10/90 እና 40/60 የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው።

ድጎማው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ቦታው ያለ ሊዝ ጨረታ ይቀርባል። ስቱዲዮ ከወጣበት ወጪ ባነሰ ዋጋ ሲተላለፍ፣ ጉድለቱ ብዙ መኝታ ካላቸው ቤቶችና በጨረታ ከሚሸጡ የምድር ቤት ሱቆች ይሸፈናል።

በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከወር ገቢው 1,200 ብር በታች የሆነ ሰው በ10/90 ተመዝግቦ በየወሩ 187 ብር እንዲቆጥብ ተወሰነ። ከሚተላለፉት ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች ይመደባል። ባለዕድሉም ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን ይችላል።

የተነሡ ችግሮች

የወር ቁጠባው የተሰላው በምዝገባው ዘመን ዋጋ ነበር። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲወጣ የቤቱም ዋጋ ወጣ፤ ብዙ ቆጣቢ ዓመታት ጠብቆ ዕጣው ሲደርሰው ያጠራቀመው ለቅድሚያ ክፍያው አልበቃውም። የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ ያልቻለ ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ሰፈር ይከራያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለድሃው የሰጠው ብዙ ጊዜ መኖሪያ ሳይሆን የኪራይ ገቢ ነው።

በነጻ የተቆጠረው መሬትም ለሁሉም ነጻ አልነበረም። የከተማው ዳርቻ ሰፈሮች ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበሩ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የ13ኛው ዙር ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ አስነሥቷል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ደግሞ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ።

በክልል ከተሞች

ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ተዘርግቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአብዛኛው ቆመ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጻ ቦታ ትልቅ ድጎማ የሚሆነው ቦታ ውድ በሆነበት ነው። በጎጃም ደጋ እንደ ደብረ ኤልያስ ባለ የወረዳ ከተማ ሰው ቦታ ካገኘ በባሕር ዛፍ እንጨት፣ በጭቃና በቆርቆሮ ቤቱን አቅሙ በፈቀደ መጠን ክፍል በክፍል ይሠራል። የፎቅ ቤት ሲሚንቶና ብረት ግን ማጓጓዣ ተጨምሮበት ከአዲስ አበባ አይረክስም፤ ለዚያ ዕዳ የሚገባ ገዢ አነስተኛ ነበር።

በአማራ ክልል ከተሞች ይበልጥ የተለመደው የመኖሪያ ቤት ማኅበር ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መንግሥት ለፈቀደው የራስ አገዝ የቤት ግንባታ ቦታ በጨረታ ሳይሆን በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የመንግሥት ሠራተኞችና ሌሎች ነዋሪዎች ተደራጅተው ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን እጅ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣሉ፤ ቦታ የሚሰጣቸውም ይህን ካሟሉ በኋላ ነው። ባንክ በዚህ መንገድ እምብዛም ስለማይገባበት፣ መምህሩ ወይም ጤና ባለሙያው ቤቱን የሚጨርሰው ከደመወዙ በሚያተርፈው፣ ከዕቁብና ከዘመድ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። በየከተማው ዳር ግድግዳቸው ቆሞ ጣራ የሚጠብቁ ቤቶች የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው።