ባዕታ ያልተቀበለችው ዝማሜ

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሣ አድማጭ ሁሉ ለሳቅ ይዘጋጃል። የፎገራው ሰው፣ የናበጋ ጊዮርጊሱ ልጅ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት መካከል ሲመላለሱ ኖረው ለሕዝቡ የተረፉት በቀልዳቸው ነው። በጎንደርና በደብረ ታቦር ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንት ግን አለቃን በሌላም ሥራ ያነሷቸዋል፤ ሰው በምስጋና ሰዓት ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበትን መንገድ ለውጠዋል። በአገራችን አንድን እንቅስቃሴ ማን እንደ ጀመረው፣ የት እንደ ጀመረው፣ ማን እንደ ተቃወመው ተለይቶ የሚነገርበት ጊዜ እምብዛም ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ዝማሜ፣ በማኅሌት መቋሚያ ይዞ የሚደረገው ውዝዋዜ፣ ግን ባለቤቱም ተቃዋሚውም ይታወቃሉ።

ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። አለቃ በጣና ዳርቻ ሳሉ ማዕበሉ እየመጣ ሲመለስ፣ ሸምበቆው በነፋስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ያያሉ። በጊዜው የነበረው ዝማሜ መቋሚያው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ነበር ይባላል። አለቃ ይህን ወደ ጎን መለሱት፤ ወገብ ከመቋሚያው ጋር በዝግታ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ጥቂት ያርፋል፣ ወደ ሌላው ይመለሳል። ያዩትን ይዘው ወደ ጎንደር ቢመጡ ሊቃውንቱ አልተቀበሏቸውም። ከቀደሙት ያልተረከብነውን በማኅሌት አናስገባም አሉ። አለቃም ዝማሜውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፣ ተክሌም ለሌሎች አስተማረ፣ ደብረ ታቦርም ተቀበለችው። ስያሜው በአባት ሳይሆን በልጅ ቀረ፤ ዛሬም ድረስ ተክሌ ይባላል።

ጎንደር እምቢ ያለችው ከግትርነት ብቻ አይደለም። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ወዲህ ከተማዋ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የሊቃውንት መፈተኛም ነበረች። ቅኔው፣ ትርጓሜው፣ ዜማው የየራሱ ደብርና የየራሱ ወንበር ነበረው። የአቋቋሙ ወንበር ያለው በዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በተተከለችው በባዕታ ለማርያም ነው። ባዕታ የአቋቋም ምስክር ቤት ናት። ከየትም አገር የተማረ ደብተራ ችሎታው የሚለካውና መምህር ለመሆን የሚመሰከርለት በእርሷ ነው። እንዲህ ያለ ቤት አንድን እንቅስቃሴ ተቀበለ ማለት በመላው አገር ያሉ ደቀ መዛሙርት ተማሩት ማለት ነው። ስለዚህ የባዕታ ሰዎች መጠንቀቃቸውን እረዳለሁ፤ ሥልጣናቸው የቆመው ምንም ባለመለወጣቸው ላይ ነበርና። የአለቃ ድፍረት ግን ይበልጥብኛል።

አቋቋም የሚለው ቃል ለማያውቀው ቆሞ ማስቀደስ ሊመስለው ይችላል። ሥራው ግን ብዙ ነው። ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ መቋሚያና ጸናጽል በዝግታ ይከተሉታል። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ ካህናቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያቸውን እያወዛወዙ አንድ አካል ይሆናሉ። ከበሮው ሲገባ መረግድ ይሆናል፤ ንዑስ መረግድ ረጋ ያለ፣ ዐቢይ መረግድ ፈጠን ያለ። በመጨረሻ ጽፋት ነው፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ እጅ ያጨበጭባል፣ እግርም ከተቀመጠበት ይነሣል። አንዱ ዜማ በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ እየተደጋገመ ያልፋል፤ ቃሉ አይለወጥም፣ ሰውነቱ ይለወጣል።

የአካል ድካሙን ማንም አይቆጥረውም። ማኅሌት የሚቆመው ሌሊት ነው፤ በታላላቅ በዓላት ከምሽት እስከ ንጋት። ከበሮ የሚመታው ሰው ከበሮውን በትከሻው አንግቶ፣ በሁለት እጁ እየመታ፣ ወደ ፊት እየሄደና ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በመሬት ላይ የተደረደሩትን ምንጣፎች ሳይረግጥ ይዞራል። ይህ ሁሉ በጾም ሆድ ነው። ዛሬ ሯጭ የሚያሠለጥን ሰው ቢያያቸው ትንፋሻቸውንና የእግራቸውን ጽናት ሳያደንቅ አያልፍም። ያም ሆኖ ማኅሌት ላይ ድካም መታየት ነውር ነው። ረድፉ ውስጥ የቆመ ሽማግሌ መቋሚያውን የሚደገፈው ዜማው ሲፈቅድለት ብቻ ነው።

እዚያ ለመድረስ ጾመ ድጓና ድጓ ያለፈ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይቆያል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን በዓላት ዜማ ከነእንቅስቃሴው በቃሉ ይይዛል። የኔታ ዓይናቸው ቢፈዝም መቋሚያው መሬት ሲነካ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ተማሪው የት እንደ ሳተ ያውቃሉ። ዜማው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ምልክት ወጥቶለታል፤ ከፊደሉ በላይ ይጻፋል። ለሰውነቱ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልተሠራለትም። በፈረንሳይ ራውል ኦዤ ፌዬ የዳንስ እርምጃን በምልክት የሚጽፍ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1700 አሳትሞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በጎንደር አደባባይ፣ በታላቁ አፄ ኢያሱ ፊት ቆሞ ነበር። በአንድ ዘመን ፓሪስ እንቅስቃሴዋን በወረቀት ላይ ስታሰፍር ጎንደር በሰው ጉልበትና ወገብ ላይ ታሰፍረው ነበር።

እኔ ይህን ጉድለት አልለውም፤ በተለይ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳስብ። የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፣ መጻሕፍቷንም ወደ መቅደላ ወሰደ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን የመጣው ደርቡሽ ገብቶ የተረፈውን አነደደ። ሠረገላ የሚሞሉ ብራናዎች ጠፍተዋል። አቋቋሙ ግን በየገጠሩ በተሸሸጉ መምህራን ሰውነት ውስጥ ነበረና እሳት አላገኘውም። ከተማዋ ስትረጋጋ ሰዎቹ ተመለሱ፣ ማኅሌቱም ቀጠለ።

የሁሉም ሥር ወደ ሰሜን ተራሮች ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያን የዜማዋን አባት ቅዱስ ያሬድን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የአክሱም ሰው ትለዋለች። ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው የሣሉት ትዕይንትም የታወቀ ነው፤ ያሬድ ሲዘምር የሚያደምጡት ንጉሥ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦራቸውን በእግሩ ላይ ተክለው፣ እርሱም ሳያውቀው ደሙ ይፈስሳል። በሥዕሉ ላይ ጸናጽሉና መቋሚያው በእጁ አሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ወጣ፣ እዚያው በምንኩስና ኖሮ ተሰወረ ይላል ገድሉ። የጎንደር ደጋ ሰዎች ስለ ያሬድ ሲናገሩ ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ዝማሜው ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ከሌላው ጭፈራ ጋር የሚገናኝበት ቀን አለ። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ተነሥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ካህናቱ በየመንገዱ ይዘምማሉ፤ ከእነርሱ ፊትና ኋላ ደግሞ የወገራው፣ የደምቢያው፣ የአርማጭሆው ወጣት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ እስክስታ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ ምስጋና አንዱ ጨዋታ ነው ብሎ የሚከፍል ሰው ያጋጥመኛል። እኔ ግን የጎንደር ሰው ከትከሻው ጋር ያለውን ቅርበት ሁለቱም ላይ አያለሁ። ጎንደሬው በእስክስታ አንገቱንና ትከሻውን እንጂ እግሩን ብዙ አያነሳም፤ ደብተራውም ከወገቡ በታች ጸንቶ ከወገቡ በላይ ይናገራል። ለዘመናት አንዱ የሌላውን እያየ አድጓል፤ ሊቃውንቱ ይህን ለመቀበል ባይወዱም። ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር የገቡት ታቦትና ጠበል ብቻ አይደሉም፤ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ አብሮ ገብቷል።

ስለ ጎንደር የሚጻፈው ግን አሁንም የግንቡ ጉዳይ ነው። የፋሲል ግቢ ድንጋይ ሲሰነጠቅ ጋዜጣ ይጮኻል፤ የአቋቋም መምህር ሲያርፍ ደብሩ ብቻ ያለቅሳል። በቪዲዮ መቅረጹ ተጀምሯል፣ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ረድፉን ከፊት ያሳያል እንጂ ክብደቱ ከየትኛው እግር ወደ የትኛው እንደሚሄድ፣ ትንፋሹ የት እንደሚሰበሰብ አያስተምርም። የሚበጀው ለተማሪው ቁራሽና ጎጆ፣ ለመምህሩም የሚያኖር ደመወዝ መስጠት ነው። በሌላ በኩል የሚያስደስት ነገርም አለ። በሰንበት ትምህርት ቤቶች ሴቶች ልጆች ከበሮ አንግበው ወረብ የሚባለውን ዝማሬ ያጠናሉ፣ በዓል ሲደርስም ባደባባይ ያሸበሽባሉ፤ በቀደመው ማኅሌት ረድፉ የወንዶች ብቻ ነበር።

የአለቃ ገብረ ሐና ዝማሜ እንደ ተሰደደ አልቀረም። ደብረ ታቦር ኢየሱስ የተክሌ ምስክር ቤት ሆነች፣ አቋቋሙም ከቤጌምድር አልፎ በሌሎች አድባራት ይዘመማል። በባዕታ ተመርቆ የተክሌንም ሊያውቅ የሚሻ ደቀ መዝሙር አኩፋዳውን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ይወርዳል፤ የሁለቱንም ቤት የተማረ መምህር ዛሬ ባለ ሁለት ሙያ ተብሎ ይከበራል።